የሃያ አራቱ በሮች ሚዛን

በከተማችን ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚመዘገበው በሩ ነው፤ ልጁ የሚመዘገበው በኋላ ነው። መዝጋቢው የደጃፍ ቢሮ ይባላል። ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች እያንኳኳ ወላጆችን ይመክራል፣ ልጆችን ይመዝናል፣ ምክሩ ልጆቹን ምን ያህል እንዳሳደጋቸውም ያጠናል። ሠራተኞቹ አንኳኪ ይባላሉ። ከዩኒቨርሲቲ በስታትስቲክስ ተመርቄ ስድስት ወር ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ አንኳኪ ሆኜ ተቀጠርኩ።

የተመደብኩት ዳገት ሰፈር ነበር። ሃያ አራት በር ተሰጠኝ፤ በቀን አራት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። በየቤቱ ባለፈው ክረምት የተወለደ አንድ ሕፃን አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት አንኳኪ ሜዳልያ ተሸልመው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መዝገቡን ሲያስረክቡኝ "ዳገት አያስቸግርም፤ ልጆቹ ይመሳሰላሉ" አሉኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ቤቱ በተፈጥሯዊ ሁኔታው እንዲገኝ፣ ከጉብኝቱ አንድ ቀን በፊት በሩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይታሰራል። አንኳኪዋ በማግስቱ ሦስት ጊዜ አንኳኩታ ትገባለች፣ የሳምንቱን ምክር ከመጽሐፉ ታነባለች፣ ሕፃኑን ከነልብሱ በሚንጠለጠለው ሚዛን ትመዝናለች፣ እናቲቱን አስፈርማ ትወጣለች። ልጁ ክብደት ከጨመረ ፕሮግራሙ በዚያ ቤት ላይ እየሠራ ነው ማለት ስለሆነ ለቤቱ አልሚ ዱቄት ይሰጣል። ካልጨመረ ፕሮግራሙ በዚያ ቤት ላይ እንደማይሠራ ስለተረጋገጠ ዱቄቱ ይቋረጥና በሩ ከመዝገብ ይሰረዛል። በዚህ አሠራር የተነሳ በመዝገቡ ላይ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ወፍራሞች ናቸው። ቢሮው ይህን የፕሮግራሙ ውጤት ብሎ በየዓመቱ ያሳትመዋል።

በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቤት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ደስ የሚል ወፍራም ልጅ መዘንኩ፤ ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። በሁለተኛው ቤት ቢጫ ቆብ ያደረገ ወፍራም ልጅ ነበር፤ ስምንት ከሦስት መቶ ሃምሳ። በሦስተኛው ቤት ቀይ ቆብ ያደረገች ወፍራም ልጅ አመጡልኝ፤ ስምንት ከአራት መቶ። የዚያን ሳምንት ምክር "ለልጅዎ እያጨበጨቡ ይዘምሩ" የሚል ነበር። ልጅቷ መጽሐፉን ገና ሳልከፍተው ማጨብጨብ ጀመረች። አራተኛው ቤት ስደርስ ቆቡን አንስቼ አየሁ። ከግራ ጆሮው ኋላ ባቄላ የምታክል ጥቁር ምልክት ነበረች። ጠዋት በመጀመሪያው ቤት "ልዩ ምልክት" በሚለው ተራ ቁጥር ላይ የጻፍኳት እሷኑ ነበር።

"ይህ ልጅ ከአንድ ሰዓት በፊት ሴት ነበር" አልኩ።

የቤቱ እመቤት እትዬ ዘርትሁን ይባላሉ። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሰባተኛ ልጃቸውን የወለዱ፣ በሰፈሩ ያለ እሳቸው ቃል ገመድ እንኳ የማይዘረጋ ሴት ናቸው። አልደነገጡም።

"ቁጭ በይ" አሉኝ። "ያለፉት አንኳኪ ይህን ለማወቅ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አንቺ ገና በመጀመሪያ ቀንሽ? ምን ያስቸኩልሻል?"

"እሳቸው ካወቁ በኋላ ምን አደረጉ?"

"ሜዳልያ ተሸለሙ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ፤ የሚደብቁት ነገር እንደሌለ ሰው ነበር የሚያወሩት። ልጁ ማንያዘዋል ይባላል፤ የጎረቤታቸው የብርቄ ልጅ ነው። እኔ አንዱን ቤት አስፈርሜ በፊት በር ስወጣ እሱ በጓሮ አጥር ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል፣ ቆብ ይቀየርለታል። ከእሱ በፊት ሌላ ልጅ ነበር፤ ያኛው አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ነገሩ የተጀመረው ሁለት በሮች ከተሰረዙ በኋላ ነው። ማንያዘዋል ሚዛኑ ላይ እንዳያለቅስ እያንዳንዱ ቤት አስቀድሞ ያበላዋል። ክብደቱ ከቤት ቤት የሚጨምረው ለዚህ ነበር። የቢሮው ዋና አንኳኪ አቶ ልሳኑ ግን ስለዚሁ ጭማሪ "የከሰዓት አየር በሕፃናት ክብደት ላይ ያለው ተፅዕኖ" የሚል ጥናት ጽፈዋል። ለሥራ ፈተናው ያነበብኩት እሱን ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ማንያዘዋልን መዘንኩ። ምክሩንም ሃያ አራት ጊዜ አነበብኩለት። በየቤቱ ያቅፉታል፣ ያበሉታል፣ ይዘምሩለታል። እንደ እሱ የተመከረ ልጅ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። ሳምንቱን ልጨርስና ለቢሮው ልንገር ብዬ ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቤት የደብሪቱ ነው። ደብሪቱ ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ትሠራለች፤ አሠሪዋ ለጉብኝቱ ብሎ በሳምንት አንድ ሰዓት ይፈቅድላታል። ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። ቤት የሚውሉት አማቷ ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም። ማንያዘዋል ጭኗ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ከመጋረጃው ኋላ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"ምንድን ነው?"

"ድመት ናት።"

"ስንት ወሯ ነው?"

"አምስት ወር ከሁለት ሳምንት" አለች ደብሪቱ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ የቀረው ነገሯ ሁሉ ትንሽ ነው። ሚዛኑ ላይ ስሰቅላት መርፌው ከቦታው ለመነሳት ያመነታ መሰለኝ። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ።

"ለምን ሐኪም ቤት አልወሰድሻትም?"

"ወስጃት ነበር። የእናንተን ወረቀት አዩና 'ይህች የሌላ ሰው ልጅ ናት፤ ያንቺዋ ስምንት ኪሎ ናት፤ እሷን ይዘሽ ነይ' አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? ፈርሜያለሁ።"

"ዱቄቱስ? ዱቄት ይሰጥሻል አይደል?"

"ዱቄቱ አለ፤ ያውልሽ በጆንያ። ታይፎይድ ይዞኝ ወተቴ ደረቀ። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትበላው፤ አንድ ማንኪያ ውጣ ለሁለተኛው አፏን እስክትከፍት ሩብ ሰዓት ነው። እኔ ጡብ ላይ ነኝ። እማማ ያጎርሷታል፤ ግን አፏን አያገኙትም።"

አማቷ ከጥግ ሆነው "አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴ አገኘዋለሁ" አሉ።

አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ብዬ ጻፍኩና ሰኞ ጠዋት አቶ ልሳኑ ቢሮ ገባሁ። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ከእርሳስና ከማስመሪያ በቀር ምንም የለም።

"በአንድ ሳምንት አራት ኪሎ ቀነሰች?" አሉኝ። "የማይሆን ነገር አትጻፊ።"

"አልቀነሰችም። በፊት የተመዘነው ሌላ ልጅ ነው። በሃያ አራቱም ቤት የተመዘነው የብርቄ ልጅ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ያዘኑልኝ ሆኖ ተገኘ።

"ሃያ አራት ፊርማ አለኝ። ለአንድ ልጅ እንዴት ሃያ አራት እናት ትፈርምለታለች?"

"ከጆሮው ኋላ ምልክት አለው። በሃያ አራቱም ቅጽ ላይ ተጽፏል።"

"አይቼዋለሁ። በምዕራፍ አራት 'የዳገት ምልክት' ብዬ ተንትኜዋለሁ። በደንብ የተመገቡ ልጆች ላይ የሚወጣ ነው።"

"መጥተው ይዩት።"

"እኔ ካየሁት ጥናቱ ይበከላል። ዋና አንኳኪ አያንኳኳም።" እርሳሳቸውን አነሱ። "አሁን ይህን ቁጥር ምን እናድርገው? ልጅቷ ካነሰች በሩ ይሰረዛል። ያነሰው ሚዛኑ ከሆነ አይሰረዝም። የትኛው ይሁን?"

"ሚዛኑ ይሁን" አልኩ።

ሚዛኑ ለምርመራ ወደ ዋናው ከተማ ተላከ። አሥራ ሦስት ሳምንት ቆየ። እኔ ያለ ሚዛን ማንኳኳቴንና ምክር ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ክብደቱን አቶ ልሳኑ የሰፈሩን የግራፍ መስመር በማስመሪያ እያስረዘሙ ራሳቸው ይሞሉት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብሪቱ ቤት ምክሩን ትቼ ትርንጎን አበላት ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ማንኪያ ትበላለች፤ አንዳንዴ ሦስት። በሳምንት አንድ ሰዓት ምንም እንደማይፈይድ ለማወቅ ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም። ሚዛኑ ሲመለስ "መሣሪያው ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የልጁ ነው" የሚል ደብዳቤ ታስሮበት ነበር። በመዝገቡ ላይ ዳገት ሰፈር ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ደርሶ ነበር። ሚዛኑን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ደብሪቱ ቤት ነው። ትርንጎ ዘጠኝ ወሯ ነበር፤ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ያን ሰሞን ማልቀስም ትታ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ እትዬ ዘርትሁን አስጠሩኝ። እሑድ አንኳኪም ጡብም የለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ ተሰብስበዋል። ደብሪቱም ትርንጎን በነጠላ ጠቅልላ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ማንያዘዋል ግቢው መካከል ቆሞ ይሄዳል። በዘጠኝ ወሩ ነው የሄደው፤ ማንም አልተገረመም።

"ልጄ ጡረታ ወጥቷል" አለች ብርቄ። "ትናንት አጥሩን ላሻግረው ስል 'እምቢ' አለኝ። የመጀመሪያ ቃሉ ናት።"

"የሃያ አራት ቤት ዱቄት በልቶ እምቢ!" አለች ፋናዬ። ፋናዬ የወንድ ልጅ እናት ናት፤ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። "እኛ ነን ያጠገብነው።"

"አንቺስ አላጠገብሽውም፤ ያንቺን ጨው ስለምታበዢበት ይተፋው ነበር" አለች ብርቄ።

"አሁን ጨዉን ተዉና ልጅ ምረጡ" አሉ እትዬ ዘርትሁን። "ነገ ሰኞ ነው። የፋናዬ ልጅ?"

"እንግዳ ሲያይ ይጮሃል" አለች ብርቄ።

"የእኔዋ ደግሞ ትነክሳለች። ሌላስ?" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

ስም እየጠሩ ይጥሉ ጀመር፤ አንዱ ይቀጥናል፣ አንዱ ያስላል፣ የአንዷ እናት ማዋስ አትወድም። ነገር ሲጎተት አልወድም።

"ትርንጎን ውሰዱ" አልኩ።

"እሷን ከሰቀልሽበትማ የሚመዝነው ነጠላው ነው" አለች ፋናዬ። ማንም አልሳቀም፤ ፋናዬም አልሳቀችም። ቀጠለችና "እኔ ልጅቷን ጠልቼ አይደለም። ግን አምስት ኪሎ ከተጻፈ ሃያ አራት ቤት ዱቄት ሊያጣ ነው። የእኔ ልጅ በዚያ ዱቄት ነው ያለው። ከዚያ ለእሱም ልታዝኑለት ነው?" አለች።

ልክ ነበረች። ደብሪቱ መሬት መሬት ታያለች።

"ሚዛኑን የማነበው እኔ ነኝ" አልኩ።

እትዬ ዘርትሁን ዘወር ብለው አዩኝ። "ምን ብለሽ ታነቢዋለሽ?"

"ዘጠኝ ከስድስት።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትደርስበት።"

"ባትደርስበትስ?"

"ያኔማ ማን ይጠይቀኛል? ዘጠኝ ከስድስት ሆና ትሞታለች።"

ደብሪቱ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ሐሰት አልነበረም። ደብሪቱ ተነስታ ግቢውን አቋርጣ ትርንጎን እትዬ ዘርትሁን እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት።

"ቆቧን አደራ፤ ጆሮዋን ይበርዳታል" አለች።

ከእኔ በኩል አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረኝ። በየቤቱ አሥር ማንኪያ ካልበላች አልመዝንም፤ ሳልመዝን ደግሞ አላስፈርምም። ፋናዬ "ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔ ቤት ልትቀመጪ ነው?" አለች። "አዎ" አልኩ።

እስከዚያ ቀን በሥራዬ ሐሰት ጽፌ አላውቅም ነበር። ማንያዘዋልን በሃያ አራቱም ቤት የመዘንኩትን ያህል ነው የጻፍኩት። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ግን በሁሉም ቤት ዘጠኝ ከስድስት ብዬ ጻፍኩ። እውነተኛውን ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ደብሪቱ ከበሯ ጀርባ በከሰል ትጽፈው ነበር። ገና ሚዛኑን ስፈታ "የእነሱን ተዪው፤ የእኔን ንገሪኝ" ትለኛለች። አምስት ከሁለት። በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ከሁለት። በሦስተኛው አምስት ኪሎ ብቻ።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ፋናዬ ቤት ትርንጎ አፏን ጨርሶ ዘጋች። ፋናዬ ዘፈነችላት፣ ማንኪያ ቀየረች፣ በጣቷ ሞከረች፣ ተሳደበች። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። በዚህ መካከል ማንያዘዋል የብርቄን አጥር ሾልኮ ገባ፤ የለመደው መንገድ ነው። ማንም ሳይጠራው ሳህኑ ጋ ተቀምጦ አፉን ከፈተ።

"ውጣ አንተ፤ ያንተ ጊዜ አልፏል!" አለች ፋናዬ። እሱ አፉን አልዘጋም። ልገላገለው ብላ አንድ ማንኪያ ሰጠችው። ትርንጎ ሲያላምጥ ስታየው ቆየችና አፏን ከፈተች።

ፋናዬ ማንኪያውን ሞላች። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእሷ እያለች አሥሩን ጨረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንያዘዋል እንደገና ሥራ ገባ፤ በየቤቱ ሚዛኑ ሳይነካው ቀድሞ የሚበላ ሆነ። እምቢ ማለቱንም ተወ። መጽሐፉን ካነበብኩ ስንት ጊዜ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ደብሪቱ ቤት ውስጥ የጠረጴዛውን እግር አስደግፈንበት ነበር።

አቶ ልሳኑ በሦስተኛው ወር ጠሩኝ። የዳገት መስመር ቀጥ ብሎ መቅረቱን አይተዋል። የሚያባርሩኝ መስሎኝ የቢሮውን ቁልፍ ይዤ ሄድኩ።

"ይህን አይተሽዋል?" አሉ በማስመሪያቸው እያመለከቱ። "ሃያ አራት ልጅ፣ ሦስት ወር፣ አንድ ግራም እንኳ አልተነቃነቁም።"

"አይቻለሁ።"

"መረጋጋት ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መረጋጋት አላየሁም።"

ደንቡ ግን ያልጨመረ በር ይሰረዛል እንደሚል አስታወስኳቸው። የማይገባኝ ነገር፣ ራሴ ለምን እንዳስታወስኳቸው ነው። አቶ ልሳኑ ትንሽ አሰቡና ደንቡ የወጣው መረጋጋት ከመገኘቱ በፊት ስለሆነ እንደማይመለከተው ወሰኑ። ዱቄቱ ቀጠለ። ከሌሎች ከተሞች ልዑካን እየመጡ መስመሩን ጎበኙ፤ ዳገት ድረስ የወጣ አልነበረም፤ መስመሩ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤት ከተማ መረጋጋቱን ለመቅዳት ልጆች ከተወሰነ ኪሎ በላይ እንዳይመዝኑ መመሪያ አውጥቷል የሚባል ወሬ ሰምቻለሁ፤ አላጣራሁም።

ከደብሪቱ በር ጀርባ ያለው ዝርዝር ደግሞ እየወረደ ሄደ፤ ከላይ ወደ ታች ነበር የምትጽፈው። አምስት ከአራት። አምስት ከዘጠኝ። በበልግ ተቅማጥ ይዟት ሁለት ሳምንት ወደኋላ ተመለሰች፤ ደብሪቱ እነዚያን ቁጥሮች ከሌሎቹ አጥብቃ ጻፈቻቸው። ሰባት። ሰባት ከስድስት። በሩ ሞልቶ ወደ መቃኑ ተሻገረች። አማቷ በየሳምንቱ ልጅቷን በእጃቸው እየዳሰሱ ክብደቷን ይገምታሉ፤ ከሚዛኑ የሚሳሳቱት በጥቂት ግራም ነው። አንድ ጊዜ ተሳስተው ሳገኛቸው ሚዛኑን ፈትሼ መንጠቆው መላላቱን አየሁ።

ትርንጎ ከቤት ቤት መዞር በጀመረች በስምንተኛው ወር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደብሪቱ ቤት ደረስኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ያም ሆኖ ደንብ ስለሆነ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ትርንጎ የጠረጴዛውን እግር ይዛ ቆማለች። ፊቷ ገንፎ በገንፎ ሆኗል፤ የመጣችው ከፋናዬ እህት ቤት ነው። ሰቀልኳት። እየተራገጠች ስለነበር መርፌው ብዙ ከተወዛወዘ በኋላ ነው የቆመው። አወረድኳትና ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን አየሁ። መንጠቆውን አጠበቅሁ። እንደገና ሰቀልኳት።

መዝገቡን ከፈትኩና በቦታው ላይ ጻፍኩ። ደብሪቱ ከሰሏን ይዛ መቃኑ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። የጡብ አቧራው ከክንዷ አልታጠበም፤ አንድ ሰዓቷ እያለቀ ነው።

"ስንት ነው?" አለች።

"ዘጠኝ ከስድስት።"

"የእነሱን ተዪው አላልኩሽም? የእኔን ንገሪኝ።"

"እሱም ያው ነው" አልኳት።